ለጋሪ የሰፋ መንገድ

የእንቧይ ሰፈር እንጨት ለቃሚ ሴቶች ማኅበር ከባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ይልቅ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ በመረጠ ማግስት፣ ከባሕር ዛፉ ጫካ ወደ ሰፈሩ የሚወርደው የእግር መንገድ አንድ ስንዝር ሰፋ። ዶማም አካፋም አልነካውም። መንገዱ ጋሪ መመረጡን ሰማ፤ ጋሪ ደግሞ በሁለት ስንዝር መንገድ አያልፍም፤ ስለዚህ መስፋት ጀመረ።

የሰፋው በግራ በኩል ብቻ ነበር። በቀኝ በኩል የማኅበሩ ሊቀመንበር የአቶ ድልነሳው የድንጋይ አጥር አለ፤ ወደዚያ አንዲት ጣት አልተጠጋም። በግራ በኩል ያለው ጎኑን ለመንገዱ ሰጥቶ የቆመው ከማኅበሩ ሴቶች የአንዷ፣ የእማዋይሽ ቤት ነው። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር እንዴት ወንድ ሆነ የሚል ቢኖር፣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ስለሚችል ነው ይባላል። ከሴቶቹ መካከል መጻፍ የሚችሉ አራት ነበሩ፤ የጠየቃቸው ግን አልነበረም።

እማዋይሽ በዚያ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ጫካ ወጥታ በአሥር ሰዓት ሸክሟን ይዛ ስትመለስ በሩ ጠበባት። እንጨቱን ደጅ ጥላ ገባች። ቤቷ ከጎን እስከ ጎን አሥራ አምስት ስንዝር ነበር፤ ባሏ አያናው በገዛ እጁ ለክቶ የሠራው ስለሆነ ልኩን ታውቀዋለች። አሁን አሥራ አራት ሆኗል። ምርጊቱ አልተሰነጠቀም። ቆርቆሮው አልተጣመመም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ እንኳ አብሮ ጠብቦ፣ ሰባቱም ቀኖች በየቦታቸው ሆነው ትንሽ ትንሽ ቀጥነዋል።

አያናው በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ግንበኛ ነበር። ከመወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ እንደ ነገሩ ከገጠመ ወዲህ ከቤት አይወጣም።

«ቤቱ ጠበበ» አላት።

«አየሁት።»

«እኔም ጠበብኩ።»

እጁን ዘረጋላት። መዳፉ ከትናንቱ በግማሽ ጣት ቀንሷል። ፊቱም እንዲሁ። ቤት የዋለ ሁሉ ከቤቱ ጋር ጠብቧል፤ ዶሮዋ ሳትቀር፤ የጣለችው እንቁላልም ከወትሮው ሞለል ያለ ነበር። ጫካ የዋለችው እማዋይሽ ግን እንደ ነበረች ናት።

«ያምሃል?»

«አያመኝም። ደግነቱ ሸሚዙም አብሮኝ ጠበበ» ብሎ ፈገግ አለ።

«ምን ያስቅሃል!» ብላ ጮኸችበት። ያለ ጥፋቱ ነው የጮኸችበት። ጥፋተኛዋን ታውቃታለች፤ ራሷ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅበሩ አሥራ ስምንት ሴቶች አሉት፤ ሁሉም እንጨት የሚያወርዱት በጀርባቸው ነው። አንድ ረጂ ድርጅት ጋሪ ወይም የእጅ ጋሪ ልስጣችሁ፣ አንዱን ምረጡ ሲላቸው ሳምንቱን ሙሉ ማሳረፊያው ድንጋይ ላይ መከሩ። ማሳረፊያው ዳገቱ ወገብ ላይ ያለ ድንጋይ ነው፤ ሴቶቹ ሸክማቸውን ሳያወርዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ያስደግፉበታል። ሸክሟን መሬት ያወረደች ሴት የሚያሸክማት ሰው ትፈልጋለችና ማውረድ አይወዱም። እዚያ የተመከረው ግልጽ ነበር። ጋሪ ፈረስ ይፈልጋል፤ ፈረስ ገለባ ይፈልጋል፤ እነሱ ፈረስም ገለባም የላቸውም። የእጅ ጋሪን አንዲት ሴት ብቻዋን ትገፋዋለች፤ ጎማው በሁለት ስንዝር መንገድ ያልፋል፤ አሸክሙኝ ብሎ መለመን የለም። አሥራ ስምንቱም የእጅ ጋሪ አሉ። አንዲት እንኳ አልተለየችም።

እሑድ በሊቀመንበሩ ግቢ ተሰበሰቡ። ከድርጅቱ የመጡት እንግዳ ሁለት ፎቶግራፍ ይዘው ነበር፤ የጋሪውን ከላይ አድርገው አሳዩ። «ምርጫው የእናንተ ነው» አሉ። ሊቀመንበሩ ተነሥቶ «እንግዳችን ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ጋሪው ይበጃችኋል ብለው ነው፤ ምርጫው ግን የእናንተ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ ማን ይናገር? ደጅህ ድረስ ስጦታ ይዞ የመጣን ሰው ይህን አልፈልግም፣ ያንን አምጣ አይሉትም። አሥራ ስምንት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ዝምታው ረዘመ፤ ረዝሞም ነውር ሊሆን ደረሰ። እንግዳው ላብ ላብ አላቸው። እማዋይሽ አንጀቷ አልችል አለና እልል አለች። ሰውየውን ስለ መምጣታቸው ማክበሯ ነበር እንጂ ጋሪ መምረጧ አልነበረም። አንዷ እልል ካለች ደግሞ ሌላዋ ዝም አትልም፤ ግቢው በእልልታ ቀለጠ። ሊቀመንበሩ ብዕሩን አውጥቶ «በእልልታ ጸደቀ» ብሎ ጻፈ። መንገዱም የሰማው ይህንኑ ነው።

ማክሰኞ ስትመለስ ቤቷ አሥራ ሦስት ስንዝር ሆኖ ጠበቃት። ነጠላዋን ሳታስተካክል ሄዳ የሊቀመንበሩን በር ደበደበች።

«መንገዱ ቤቴን እየበላው ነው።»

«እማዋይሽ፣ ግቢ እንጂ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም! ቤቴን እየበላው ነው እኮ ነው የምልዎት።»

«ፈረሰ?»

«አልፈረሰም።»

«ግድግዳው ተሰነጠቀ?»

«አልተሰነጠቀም።»

«ታዲያ ላልፈረሰ ቤት ምን ተብሎ አቤት ይባላል?» አለና ወደ ውስጥ ገብቶ መዝገቡን ይዞ ተመለሰ። ጣቱን በምራቁ አርሶ ገለጠ። «ይኸው። በእልልታ ጸደቀ። ያስጀመረች፣ እማዋይሽ። ስምሽን ያስገባሁት ለክብርሽ ብዬ ነው።»

«ጋሪው የታል?»

«ይመጣል።»

«ጋሪው ካልመጣ መንገዱን ምን አስቸኮለው?»

«ዝግጅት ነዋ!»

«በእርስዎ በኩልስ የማይዘጋጀው ለምንድን ነው?»

ሊቀመንበሩ ወደ አጥሩ ዞረ። ድንጋዩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «ይኼ እኮ ድንጋይ ነው» አለ።

ቆሽቷ አረረ። ተመልሳ ሄደች። በመንገዱ ላይ ስትሄድ ሆን ብላ እየረገጠች፣ በተረከዟ እየደቃች ሄደች። መንገዱ አልተሰማውም።

ረቡዕ ማሳረፊያው ድንጋይ ላይ ሴቶቹን አንድ በአንድ አፋጠጠቻቸው። ከሁሉም የምትቀርባት ዳሳሽ ናት። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እሷ ዳሳሽን ስታሸክም፣ ዳሳሽ እሷን ስታሸክም ኖረዋል።

«አብረን ሄደን የእጅ ጋሪ ነው የምንፈልገው እንበል» አለች እማዋይሽ።

«እሱማ ነበር» አለች ዳሳሽ። «ግን አንዴ እልል ብለን?»

«እና ቤቴ ይለቅ?»

«ማን ይለቅ አለ? እንግዳውን ፊት ለፊት ጋሪዎን አንፈልግም ማለት ግን... አንቺስ ትይው ነበር?»

«ስላላልኩትማ ነው የምቃጠለው!» ብላ ጮኸች። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ሸክማቸውን አስተካከሉ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እነሱ ዝም ሲሉ የእሷ ቤት ነቀዘ።

ሐሙስ ጠዋት ከጫካ ያወረደችውን ወፍራም ግንድ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አጋድማ፣ በመዶሻ ወትፋ ወጣች። የቤቱን ስፋት አላስነካም ያለ የሚመስል ግንድ ነበር። ማታ ተመልሳ ስታየው በቦታው ነበር፤ አልተሰበረም፣ ቅርፊቱም አልተላጠም። አንድ ስንዝር አጥሯል።

«ሲያጥር አየኸው?» አለችው አያናውን።

«ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር። አንዴ አነጠሰኝ።»

«እሷን አንዲት ማስነጠስ መያዝ አቃተህ!»

አያናው አልተቀየማትም። ይኼ አለመቀየሙ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያበግናታል። ባሏ በየቀኑ እየቀጠነ፣ በየቀኑ እንደምን ዋልሽ እያለ ይጠብቃታል። ሰው እንዲህ ሲሆን አንድ ጊዜ እንኳ ጠረጴዛ መምታት የለበትም?

ቅዳሜ ስድስተኛው ስንዝር ሄደ። እሑድ መንገዱም ያርፋል። እሷ ግን አላረፈችም፤ ሦስት ሽማግሌዎች ለምና አስመጣች። በሊቀመንበሩ ግቢ ሴቶቹ በሙሉ ተገኙ። እንግዳውም ተጠርተው መጡ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አባ ጥሩነህ «ተናገሪ ልጄ» አሏት።

ተነሥታ ቆመች።

«አባቶቼ፣ የመጀመሪያዋን እልልታ ያልኩት እኔ ነኝ። ከይሉኝታ ነው ያልኩት። ጋሪ አንፈልግም፣ ፈረስ የለንም። የምንፈልገው የእጅ ጋሪ ነው። ሁላችንም ነን። ይኸው አሉ፣ ጠይቋቸው።»

አባ ጥሩነህ ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እውነት ነው?»

ሴቶቹ እንግዳውን አዩ። እንግዳው ፈገግ አሉላቸው፤ ደግ ፊት ነበራቸው፤ እዳው እሱ ነው።

«ጋሪም ደግ ነው» አለች ዳሳሽ፣ መሬት መሬት እያየች። «የእጅ ጋሪም ደግ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ከዛፉ ሥር ፈቀቅ ብለው ተመካከሩ። ሲመለሱ አባ ጥሩነህ በትራቸውን ተደግፈው ተናገሩ። «ሽማግሌ የገባበት ነገር አሸናፊም ተሸናፊም የለውም። ጋሪው እንጨት ተጭኖ ይውረድ። የእጅ ጋሪው ባዶውን ይውጣ። ሁለቱ እንዳይጋጩ መካከል ላይ መተላለፊያ ይተውላቸው። እንግዳችንም ቅር አይበላቸው፣ እማዋይሽም አትቀየም።» እንግዳው ሁለቱንም እንደሚሰጡ ቃል ገቡ። ሊቀመንበሩ ጻፈ።

እማዋይሽ ቆማ ታሰላ ነበር። ጋሪው ዘጠኝ ስንዝር ይፈልጋል። የእጅ ጋሪው ከገፊዋ ክርን ጋር አራት። መተላለፊያው ሦስት። አሥራ ስድስት ነው። መንገዱ የድሮ ሁለት አለው፤ የቀረው አሥራ አራቱ ከአሥራ አምስት ስንዝር ቤት ላይ ይወሰዳል። አፏን ይዛ ቤቷ ተቀምጣ ቢሆን ኖሮ መንገዱ ሰኞ ዘጠኝ ሞልቶ ይቆም፣ ለእሷም ስምንት ስንዝር ይተርፋት ነበር። አቤት ያለች ለታ አንድ ስንዝር ቀራት።

አባ ጥሩነህ መመረቅ ጀመሩ። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አሜን ይል ነበር። ዳሳሽ የነጠላዋን ጫፍ ጎተተቻት።

«አሜን በይ እንጂ፣ ነውር ነው።»

«አልልም! በቤቴ ላይ ነው የምትመርቁት! ባሌ ላይ ነው!»

ምርቃቱ ተቋረጠ። ሽማግሌው አዘኑ። «ልጄ፣ ቁጣ ቤት አይሆንሽም» አሏት።

«ምርቃቱም አልሆነኝም» አለች፤ ጥላቸውም ወጣች።

መንገዱ ሰኞ ሥራውን ቀጠለ። ማክሰኞ አያናውን ከነበርጩማው ልታወጣው ሞከረች። ሲወጣ ምንም አልከበዳትም፤ ከቤቱ ጥግ ሲያልፉ ግን ነፋስ መጣና ገመድ ላይ እንደ ተሰጣ ልብስ አወዛወዘው። በሁለት እጇ ያዘችው።

«መልሺኝ» አላት።

«እዚያ ገብተህ ምን ልትሆን?»

«እኔ ከወጣሁ ሰው የለበትም ይሉና በአንድ ቀን ይውጡታል። ሰው እያለበት ቢያንስ ስንዝር በስንዝር ነው የሚወስዱት።»

እውነቱን ነበር። መለሰችው። ሰው እውነቱን ሲናገር ብትናደድ ምን ይገርማል? እስኪበርድላት ድረስ የእንጨት መቁረጫዋን ይዛ አንድ የደረቀ ጉቶ ስትቀጠቅጥ ዋለች።

ከቅዳሜ ጀምሮ እሷ ራሷ በጎን እንኳ መግባት አቃታት። ዳሳሽ መጥታ እኛ ቤት እደሪ አለቻት። አደረች፤ አላናገረቻትም። ጠዋት ጠዋት ምግብ በበሩ ክፍተት ታቀብለዋለች፤ አያናው እግዜር ይስጥልኝ ይላል፤ ከዚያ ጫካ ትወጣለች። ሴቶቹ የሰፋው መንገድ ላይ እንኳ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ ተከታትለው፣ እንጨቱን በጀርባቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። ጋሪም የእጅ ጋሪም አልመጣም። ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በቀጣዩ ማክሰኞ መንገዱ አሥራ ስድስት ስንዝር ሞልቶ ቆመ። እማዋይሽ በዚያ ቀን ጫካ ስትውል ቀጫጭን እንጨት ብቻ መረጠች፤ ከአውራ ጣት የወፈረውን ሁሉ ተወችው። ዳሳሽ ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ አሸከመቻት። ስትወርድ ቤቷ መንገዱ ዳር፣ ጣራውና በሩ ሳይጎድል፣ አንድ ስንዝር ሆኖ ቆሟል። በሩ ሦስት ጣት ነው። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች።

«አውርደኝ» አለች።

በሩ ተከፈተ። ስንደዶ የሚያክል እጅ ወጣ። ግንበኛ እንደ መሆኑ ሳይቸኩል፣ ቋጠሮውን ፈልጎ ፈታው። አንድ እንጨት መዘዘና ወደ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ሌላ።

በዚህ መካከል ሊቀመንበሩና እንግዳው በመንገዱ መካከል ወረዱ። እንግዳው ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘዋል። የመንገዱን ስፋት በእርምጃ ለክተው ደስ አላቸው።

«እንደምን ዋልሽ እማዋይሽ» አለ ሊቀመንበሩ።

አልመለሰችም። በዕድሜዋ ሙሉ ሰላምታ ሳትመልስ የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው።

«እህቴ፣ ስለ መንገዱ አንድ ቃል ቢነግሩን?» አሉ እንግዳው።

«ዞር ይበሉ» አለች። «የቆሙት አልጋዬ ላይ ነው።»

እንግዳው ጫማቸውን አዩ። ወደ ቀኝ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«እዚያ ምድጃዬ ነው።»

ደግሞ ተራመዱ።

«እዚያ ልጄ የሞተበት ነው።»

እንግዳው አንድ እግራቸውን አንሥተው የት እንደሚያሳርፉት አጡ። ሊቀመንበሩ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ድንጋይ አጥሩ ሳባቸው። ሁለቱም በአጥሩ ሥር ሥር፣ ጀርባቸውን ለድንጋዩ አስጠግተው፣ አንድ በአንድ ወረዱ። እማዋይሽ እስኪጠፉ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም።

ከኋላዋ የመጨረሻው እንጨት ገባ። እጁ ግን አልተመለሰም። ትከሻዋን ዳሰሰ። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ በቀጭን ስንዝሩ ለካ፤ ብዙ ጊዜ ለካ።

«ሁለት ስንዝር ከግማሽ ነሽ» አለ ድምፁ ከውስጥ። «በድሮው ስንዝሬ።»

«አውቃለሁ።»

«በሩ ሦስት ጣት ነው።»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

ከዚያ እጁ መሬት የወደቀውን ገመድ አነሣ። በትከሻዋ ላይ አንድ ዙር አዞረው፤ ደረቷ ላይ አሳለፈው፤ ቋጠሮውን አጠበቀ። አንድ ጊዜ ሞከር አድርጎ ሳበ። የቀኝ ትከሻዋ ጫፍ ያለ ምንም ድምፅ በበሩ ገባ፤ እጁም ሳይቸኩል፣ ልክ እንጨቱን እንዳስገባው፣ የቀረውን ይስብ ጀመር።